ነጭ ዓሣ በክረምት ወዴት ይሄዳል?

በጣና ዳር የሚኖር ሰው ሦስት ዓይነት ዓሣ ያውቃል። እነሱም ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቀረሶ ጎኑ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በአፉ ዙሪያ ጢም አለው። የነጭ ዓሣ ቅርፊት ግን ትልልቅና የሚያብለጨልጭ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ነጭ ዓሣ ነው።

በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት አይደለም። ሊቃውንት መርምረው ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ለይተዋል። አንዱ ከጭቃ ላይ ምግቡን ይለቅማል። ሌላው ትናንሽ ዓሣዎችን አሳዶ እንዳሉ ይውጣል። ነጭ ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ያላመነ ዓሣ ሲያጸዳ ጉሮሮውን ከፍቶ ይይ። አብዛኞቹ ዓይነቶች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ምክንያቱም የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ገደል ወጥቶ ጣና ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሣ ከሌላው ተለይቶ ለብቻው ሲዋለድ ኖረ።

አሁን ወደ አወላለዱ እንምጣ። ቀረሶ እንቁላሏን የምትጥለው በሐይቁ ዳር ነው። ከዚያ እንቁላሉን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈል ትጠብቃለች። ነጭ ዓሣ እንዲህ አያደርግም። ብዙዎቹ ዓይነቶች ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ፣ እነዚህ ሁሉ መንገዶቻቸው ናቸው። መጀመሪያ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ቀጥሎ ሽቅብ ይዋኙና ንጹሕ ውኃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው።

በሰሜን አሜሪካም ኮካኒ የሚባል ዓሣ አለ። ወደ ባሕር ሳይወርድ ዕድሜውን በጥልቅ ሐይቅ የሚጨርስ ነው። አሥጋሪዎቹ ጀልባቸውን ቀስ ብለው እየነዱ የሚያብለጨልጭ ብረትና መንጠቆ በረጅም ገመድ ከኋላ ይጎትታሉ። ኮካኒ ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚወድ ገመዱን ወደ ጥልቁ ያወርዱታል። (ጣናማ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው።) ኮካኒ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ እንቁላል ይጥላል፤ ጥሎም ይሞታል። የእኛ ነጭ ዓሣ ግን እንቁላሉን ጥሎ በሰላም ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም እንደገና ይወጣል። እንግዲህ በወንዙ አፍ አንዲት እናት ዓሣ ስትያዝ የሚጠፋው የዘንድሮ እንቁላሏ ብቻ አይደለም። በመጪዎቹ ዓመታት የምትጥለውም አብሮ ይጠፋል።

ድሮ ወይጦዎችና ሌሎችም የሐይቁ ዳር ሰዎች በደንገል ታንኳ ያሠግሩ ነበር። ታንኳ ሩቅ አይሄድም፤ የሚይዘውም ጥቂት ነው። በ1978 ዓ.ም ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ይህ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ ክፉ ነገር ነው ማለት አይቻልም። ክፉው መረቡን በክረምት በወንዝ አፍ መዘርጋቱ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም ባለው ጊዜ በመረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛው ያህል ቀነሰ። በፊት አንድ መረብ 100 ይይዝ ከነበረ 25 ብቻ ያዘ ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም የዓሣ አዋጅ ወጥቷል። ነገር ግን በሐምሌ ሌሊት ጉማራ አፍ ላይ ቆሞ መረብ የሚቆጥር አዋጅ የለም።

ነሐሴ ችግር የሚበዛበት ወር ነው። ጎተራው ይጎድላል፤ እሸት ገና አልደረሰም። ፍልሰታም በዚሁ ወር ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት እንተወውና ገዢ ግን አይጠፋም። በዚህ ላይ ዓሣው በአንድ ቦታ ተከማችቶ እያየ ማን ዝም ይላል? «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይይዘዋል» የሚባለውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ለዚህ ነው አንድ ሰው ለብቻው ቢተወው የማይጠቅመው። በአንድ ወንዝ አፍ ግራና ቀኝ ያሉ ቀበሌዎች አብረው መስማማት አለባቸው። ከሐምሌ እስከ መስከረም መረቡን ከወንዝ አፍ አርቀው ቀረሶን ቢያሠግሩ ቤታቸው ያለ ዓሣ አያድርም።

ሌላው ጉዳይ ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በወንዝ ኩሬ የሚበትኑት ሰዎች ትልልቁን ለቅመው ይሄዳሉ። እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ ግን ጫጩቶቹ ወደ ሐይቁ እስኪወርዱ የሚያድጉት እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው። ከትልልቁ ጋር እነሱም ያልቃሉ፤ ትንንሽ ስለሆኑ የሚያነሳቸው እንኳ የለም።