የተምር ቡቃያ ሐጋይን እንዲሻገር

በአፋር ክልል ታችኛው የአዋሽ ተፋሰስ፣ በተለይም በአሳይታና በአፋምቦ ወረዳዎች፣ ተምር ከቀደሙት ትውልዶች ጀምሮ የቆየ ተክል ነው። የረመዳን ጾም በመጣ ቁጥር የተምር ፍላጎት ይጨምራል፤ በከተሞች ገበያ የሚታየው ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚገባው ነው። ገበያው እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሳለ ጥሩ ፍሬ የምትሰጥ አንዲት ዛፍ ያለው ገበሬ ሁለተኛዋን ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል። ምክንያቱ ከተምር አፈጣጠር የሚመነጭ ነው።

ተምር ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ነው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ከፍሬው የወጣው ዘር ሲተከል ከሚበቅሉት ችግኞች ግማሽ ያህሉ ወንዴ ይሆናሉ፤ ይህም የሚታወቀው ዛፉ አበባ ሲያወጣ፣ ማለትም አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ውኃ ከጠጣ በኋላ ነው። ሴቴ ሆኖ የተገኘውም ቢሆን የእናቱን ፍሬ መጠንና ጣዕም ይወርሳል ማለት አይደለም። በዕድል ጥሩ የሚወጣ አለ፤ በዕድል ላይ የተመሠረተ እርሻ ግን አድካሚ ነው።

እናቲቱን በትክክል የሚተካው ከግርጌዋ የሚወጣው የጎን ቡቃያ ነው። አንዲት ዛፍ በሕይወቷ የምትሰጠው የጎን ቡቃያ ውሱን ሲሆን፣ አብዛኛውን የምታወጣው በመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ዓመታት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡቃያ ዋጋ አለው። በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው መጅሁል የተባለው የሞሮኮ ተምር ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1927 ከሞሮኮ ወደ አሜሪካ የተላኩት 11 ቡቃያዎች ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም ዘጠኙ ተረፉ። የዛሬው ሰፊ የአሜሪካ የመጅሁል እርሻ የተራባው ከእነዚሁ ዘጠኝ ቡቃያዎች ነው።

በቀዝቃዛ አገሮች ዳሊያ የተባለውን አበባ የሚያለሙ ሰዎች ሥሩን ከመሬት ሳያወጡ የበረዶውን ወራት ለማሻገር በገለባና በቅጠል ይሸፍኑታል። ዳሊያም እንደ ተምር ከዘር ሲበቅል እናቱን ስለማይመስል፣ የሚወደደውን ዓይነት የሚያቆየው በመሬት ውስጥ ያለው ሥሩ ነው። በአሳይታ ውርጭ የለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ400 ሜትር በታች በሆነው በዚህ ዝቅተኛ ሜዳ ተክል የሚፈተንበት ወቅት ሐጋይ፣ ማለትም ከከርማ ዝናብ በፊት ያለው ብርቱ የሙቀት ጊዜ ነው። ቡቃያው ከእናቱ ሲነጠል አብዛኛውን ሥሩን ያጣል። አዲስ ሥር ሳይሰድ ሐጋይ ከደረሰበት ቅጠሉ የሚያተነውን ውኃ የሚተካበት መንገድ አይኖረውም።

በመሆኑም ለመትከል የሚመረጠው ጊዜ የከርማ ዝናብ አልፎ ጊላል የሚገባበት፣ ጥቅምትና ኅዳር ነው። በሱጉም ዝናብ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ መትከልም ይቻላል፤ ሆኖም እስከ ሐጋይ የሚቀረው ጊዜ አጭር ስለሆነ ጥላውና ውኃው የበለጠ ትጋት ይጠይቃል።

የሚነጠለው ቡቃያ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሞላው፣ ከመሬት ጋር የተያያዘና የራሱን ሥር ያበጀ ቢሆን ይመረጣል። ከግንዱ ከፍ ብሎ የወጣው ሥር ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ይሞታል። ለዚህም ነው ከመንቀሉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በግርጌው አፈር መከመርና እርጥበቱን መጠበቅ የሚመከረው። በሚነጠልበት ቀን አፈሩ በጥንቃቄ ይቆፈርና ከእናቱ ጋር ያገናኘው አንገት በስለታም መሣሪያ ይቆረጣል። ጎትቶ መገንጠል እናትንም ልጅንም ያቆስላል። የውጭ ቅጠሎቹ ይቀነሳሉ፤ የቀሩት ልቡን ከልለው ይታሰራሉ፤ ሥሩ እስኪተከል ድረስ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለላል።

ብዙ ቡቃያ የሚጠፋው በአተካከል ጥልቀት ነው። የቡቃያው ወፍራም ክፍል ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል መሆን፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ልቡም ምንጊዜም ከውኃ በላይ መቆየት አለበት። ውኃና ደለል ልቡ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ይህ በአሳይታ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አዋሽ በክረምቱ መጨረሻ ከአልጋው ሲወጣ፣ በ2012 ዓ.ም. እንደታየው፣ እርሻዎችን ያጥለቀልቃል። ያደገ የተምር ዛፍ ጎርፉን ችሎ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ጉልበት ያህል ከፍታ ያለው ቡቃያ ግን አይችልም። በወንዙ ዳር ለሚተክል ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ መምረጥ፣ በዙሪያውም እርከን መሥራት አስፈላጊ ነው።

በሐጋይ ወራት ቡቃያው በጆንያ ወይም በራሱ በተምር ዝንጣፊ ጥላ ይደረግለታል፤ ልቡ እንዲያድግ ግን አናቱ ክፍት ይተዋል። አፈሩም በደረቅ ቅጠል ይጎዘጎዛል። አሸዋማ አፈር ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይፈልጋል፤ ከባድ የሸክላ አፈር ደግሞ በየመካከሉ ፋታ ካላገኘ ሥሩ ይታፈናል። በታችኛው አዋሽ ሌላው ችግር ጨው ነው። ተምር ከፍራፍሬ ዛፎች ሁሉ ጨው በመቋቋም ከፊት የሚሰለፍ ቢሆንም፣ ለጋ ቡቃያ ያንን ያህል አቅም የለውም። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ውኃ ማርከፍከፍ ጨውን ከላይ ያስቀረዋል፤ መሬቱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው እርሱ ነው። ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ግን፣ ውኃው የሚወርድበት እስካለው ድረስ፣ ጨውን ከሥሩ በታች ያወርደዋል።

የውጭ ቅጠሎች መድረቅ ቡቃያው ሞተ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ለወራት ምንም ለውጥ ሳይታይበት ይቆያል። ምልክቱ ከልቡ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው፤ ልቡ ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ነቅሎ መጣል ጥድፊያ ይሆናል።

የጊላል ቅዝቃዜ አልፎ ሙቀቱ መጨመር ሲጀምር ፊት ወደ እናቲቱ ይዞራል። የሴቴዋ አበባ ከሽፋኑ ሲወጣ በንፋስ ብቻ ከተተወ ብዙው ይመክናል። ስለዚህ ከወንዴው አበባ ሁለት ሦስት ዘለላ ተወስዶ በሴቴዋ አበባ መካከል ተገልብጦ ይገባና ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ይህ አበባው በተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። አንድ ወንዴ ዛፍ ለ50 ያህል ሴቴዎች ስለሚበቃ፣ በዘር የበቀሉ ወንዴዎችን ሁሉ ማቆየት መሬትና ውኃ ማባከን ነው።

ፍሬው ሲይዝ የበዛው ዘለላ ይሳሳል፤ የቀረው ይፋፋል። ሐጋይን ተሻግሮ ገና በለጋነቱ አበባ ያወጣ ቡቃያ ካለ፣ አበባው ተቆርጦ ጉልበቱ ወደ ሥርና ወደ ቅጠል እንዲሄድ ይደረጋል።