መጠጥ በድንገት ሲቆም የሚታዩ የአደጋ ምልክቶች

ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ወይም ቢራ ሲጠጣ የኖረ ሰው ጾም ገባ ብሎ በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ ቤተሰብ እነዚህን ልብ ይበል፦

🔹 ከ6 እስከ 24 ሰዓት፦ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት።
🔹 እስከ 48 ሰዓት፦ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት።
🔹 ከ2 እስከ 4 ቀን፦ ትኩሳት፣ ቀንና ቦታ መሳት፣ መቃዠት። ይህ ሊገድል ይችላል።

አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ይህን ለማካካስ ራሱን ያነቃቃል። መጠጡ ሲቀር መነቃቃቱ ያለ ልጓም ይቀራል።

ሲንፈራገጥ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ክብሪት አታሽትቱት፤ ፈጥናችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ሕክምና አለው። ጸበል የሚወስዱትም ሕክምናውን አያቋርጡበት።

ለማቆም የወሰናችሁ፣ ውሳኔያችሁ ትልቅ ነው። ከማቆማችሁ በፊት ግን ሐኪም አማክሩ።