ጎረቤት የማይወደው ዓሣ፦ ለሶሃል አብሮ ነዋሪ ስለመምረጥ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ለማስተማሪያ ባቋቋምኩት የጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ አንድ ሶሃል ለስምንት ወራት ብቻውን ኖረ። ብቸኝነቱ አሳዘነኝና ሐምራዊ ገላና ቢጫ ጅራት ያለውን ሌላ የቀይ ባሕር ዓሣ፣ ዜብራሶማን፣ ጨመርኩለት። በማግሥቱ እንግዳው ጎኑ ተሰንጥቆ ሞቶ አገኘሁት። ሶሃሉን «ክፉ» ብዬ ወቀስኩት፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ዓሣው አገር እንሂድ። ሶሃል ከቀይ ባሕር እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ባለው ውሃ የሚኖር፣ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚያድግ ዓሣ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፔተር ፎርስኮል ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው እርሱ በየመን ካረፈ ከ12 ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 ነው። የሶሃል መኖሪያ ማዕበል የሚመታው የኮራል ሪፍ ጠርዝ ነው። በዚያ ፀሐይ በሚያገኘው ድንጋይ ላይ አልጌ ይበቅላል፤ ሶሃልም ያንን ግጦሽ ገበሬ ማሳውን እንደሚጠብቅ ይጠብቀዋል። መሣሪያዎቹ ከጅራቱ ሥር በግራና በቀኝ የተተከሉት ስለቶች ናቸው።

እንግዲህ ቁጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳድደው በቅርጹ የሚመስለውንና ግጦሹን የሚሻማውን ነው። በባሕር ተሸናፊው ይሸሻል፤ በመስታወት ግድግዳ መካከል ግን መሸሻ የለም። በዚያ ማስፈራሪያ የነበረው ጠባይ በዚህ ግድያ ይሆናል።

ስለዚህ አብሮ ነዋሪ ስመርጥ ሦስት ነገሮችን እጠይቃለሁ፦ ምን ይበላል? ቅርጹ ምን ይመስላል? የትና መቼ ይንቀሳቀሳል? ዜብራሶማ በሦስቱም የሶሃል ተፎካካሪ ነው፤ የአካንቱሩስ ወገኖች ደግሞ ይብሳሉ። በአንጻሩ ስኩዊረልፊሽ ቀን በዋሻ ተሸሽጎ ሌሊት ያድናል። ስኖውፍሌክ ሞሬይ እንደ እባብ የረዘመ፣ ሸርጣንና መሰሎቹን የሚበላ ነው። ኒጀር ትሪገርፊሽም በውሃው መካከል የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይለቅማል፤ ራሱንም መከላከል ይችላል። እነዚህ የሶሃልን ማሳ አይነኩም። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ዓሣ ጠባይ ስለሚለያይ ምርጫው ከክትትል ነጻ አያወጣንም።

ቅደም ተከተሉም ከምርጫው አያንስም። ሶሃል ከሁሉ በመጨረሻ ይግባ፤ ቀድሞ የገባ ገንዳውን በሙሉ ግዛቱ ያደርጋልና። ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ድንጋዮቹን አዛውረን የወሰኑን ምልክቶች እናጥፋበት፤ አዲሱንም ዓሣ ለጥቂት ቀናት ውሃ በሚያሳልፍ ግልጽ ማከፋፈያ ውስጥ እናቆየው። የባሕር አረም በየዕለቱ በብዙ ቦታ ማቅረብም ሽሚያውን ይቀንሳል። ጠባብ ገንዳን ግን የትኛውም ዘዴ አያካክሰውም፤ ሙሉ ዕድገቱ ላይ ለደረሰ ሶሃል 1,000 ሊትር እንኳ የተትረፈረፈ አይደለም።

«ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። ያን ጊዜ የሰውን ናፍቆት ለዓሣው አውሼ፣ ያልጠየቀውን ጎረቤት አመጣሁበት። ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላው ዓሣ ነበር። ዛሬ ተስማሚ ሳላገኝ ስቀር ሶሃሌን ብቻውን እተወዋለሁ፤ ይህም ጭካኔ አይመስለኝም።