ሶፍትዌሩ ራጅ ሲያነብ

«እማማ፣ መስቀልዎን ወደ አገጭዎ ከፍ ያድርጉልኝ፤ አሁን ትንፋሽዎን ሳብ አድርገው ይያዙ።» ከጮቄ ተራራ ግርጌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደብረ ማርቆስ ድረስ ለመጡ እናት ይህን የምለው ማተብ ስለማይበጠስ ነው። መስቀሉ ግን ራጁ ላይ ሳንባን ይሸፍናል፤ ሰውንም ሶፍትዌርንም ያሳስታል።

ሶፍትዌር ስል ቀልዴን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በቲቢ ልየታ ጊዜ የደረት ራጅን በባለሙያ ፋንታ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ሊያነበው እንደሚችል መክሯል። ራጅ አንባቢ ሐኪም እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሶፍትዌሩ ብዙ ሺህ ራጆች አይቶ ተምሯል፤ አዲስ ራጅ ሲሰጡት ነጥብ ይሰጣል፤ ለምሳሌ ከ100፣ 70። ይህ «70 በመቶ ቲቢ አለብህ» ማለት አይደለም! «ይህን ሰው አክታውን መርምሩት» ማለት ነው። ከስንት ነጥብ በላይ ያለው ወደ አክታ መመርመሪያው ማሽን፣ ወደ ጂን ኤክስፐርት፣ ይሂድ የሚለውን የሚቆርጠው ሰው ነው። መቁረጫ ነጥቡን ዝቅ ካደረጉት የማሽኑ ካርትሪጅ በከንቱ ያልቃል፤ ከፍ ካደረጉት በሽተኛው እያሳለ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳም ነጥቡን ሊያንረው ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስዳችሁ ከሆነ ለባለሙያው ንገሩ፤ ሶፍትዌሩ አይጠይቃችሁም።

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?» ለምትሉኝ፦ ያለ ኢንተርኔት፣ በላፕቶፕ የሚሠሩ ሶፍትዌሮችም አሉ። መብራቱን ግን እኔን አትጠይቁኝ።