ባክቴሪያው ከሞተ የሚያስለው ማን ነው?

«እርጉዝ እያለሁ ክንዴን ተወግቻለሁ እኮ! ታዲያ ልጄን ትክትክ እንዴት ያዘው?»

ይህን ያለችው በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት እናት ናት። ያቀፈችው ሕፃን ገና አንድ ወሩ ነው። ትክትክ ሲባል የምናውቀውን ያንን ሲጥ የሚል ትንፋሽ አላሰማም። ትንሽ አሳለና ዝም አለ፤ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ነርሷ ተቀብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ለእናቲቱ የመለሰላት ሰው አልነበረም።

የመልሱ ግማሽ ቀላል ነው። በአገራችን ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ክትባት መንጋጋ ቆልፍንና ዘጊ አናዳን እንጂ ትክትክን አይከላከልም። ሕፃኑ ራሱ የትክትክን መከላከያ የሚያገኘው ፔንታቫለንት በተባለው ክትባት ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት ባዶ ናቸው፤ በሽታው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚበረታው በዚህ ዕድሜ ላይ ነው።

ሌላው ግማሽ በሽታው ምን እንደሚያደርግ ነው፤ እሱን ፍለጋ ጡረታ የወጡ አንዲት ሲስተር ዘንድ ሄድኩ። «ድሮ እናቶቹ የአህያ ወተት አጠጥተው፣ እንጥል አስቆርጠው፣ ሁሉም አልሆን ሲል ነበር እኛ ጋ የሚመጡት» አሉኝ። «መድኃኒት እንሰጣለን፤ ሳሉ አይቆምም። ‹መድኃኒታችሁ ውሃ ነው› እያሉ ይሰድቡናል። ምን ይፈረድባቸዋል ልጄ? ከወር በኋላም እኮ እያሳለ ያስመልሰዋል። አንድ ቀን ሐኪሙን ‹ባክቴሪያው ከሞተ የሚያስለው ማን ነው?› ብለው ተቆጣኝ።»

ሐኪሙ ባይቆጣ ኖሮ ጥሩ ወግ በወጣው ነበር። የአየር ቧንቧችንን ውስጠኛ ገጽ የሸፈኑት ሕዋሳት አናታቸው ላይ ሲሊያ የሚባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሏቸው። ሲሊያዎቹ በስስ ፈሳሽ ውስጥ እየቀዘፉ አክታውን ከነቆሻሻው ወደ ጉሮሮ ያወጣሉ። የፈሳሹን ልክ የሚጠብቀው ጨው ነው፦ ሕዋሱ ሶዲየም ሲስብ ውሃ ተከትሎ ይገባል፤ ክሎራይድ ሲለቅ ውሃ ተከትሎ ይወጣል። ለክሎራይዱ ዋናው መውጫ ሲኤፍቲአር የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ እንዲከፈት የሚያደርገው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ የሕዋሱ መልእክተኛ ነው።

የትክትክ ባክቴሪያ የሚያምሰው ይህንን መልእክተኛ ነው። የኮሌራ መርዝም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሻምቡ ናት ዴ የተባሉት ሕንዳዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1959 በካልካታ፣ በጥንቸል አንጀት ላይ፣ ውሃውን የሚያስወጣው መርዙ መሆኑን አሳይተዋል። ልዩነቱ የኮሌራው ነዳጁን ረግጦ ሲይዝ፣ ፐርቱሲስ ቶክሲን የተባለው የትክትክ መርዝ ፍሬኑን መበጠሱ ነው። ፍጻሜው አንድ ነው፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይበዛል። አዴኒሌት ሳይክሌዝ ቶክሲን የሚባለው ሌላው መርዝ ደግሞ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ መልእክተኛውን ራሱ ያመርታል። በቤተ ሙከራ በተዳበሩ የአየር ቧንቧ ሕዋሳት ላይ፣ አክታን የሚያወፍረውን ሙሲን እንደሚያበዛም ታይቷል። ትራኪያል ሳይቶቶክሲን የሚባለው ባለ ሲሊያዎቹን ሕዋሳት ይገድላል። አክታው በዝቶ ጠራጊው ሲጠፋ ለደረት የሚቀረው ማሳል ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ያጠፋል፤ የሞቱትን ሕዋሳት ግን አይመልስም። ዘግይቶ ሲሰጥ ጥቅሙ በአብዛኛው ለሌሎች እንዳይተላለፍ ማድረግ የሆነው ለዚህ ነው። የሲስተር ጥያቄ መልስ አለው ማለት ነው።

ባክቴሪያውን ቤልጅጋውያኑ ዡል ቦርዴና ኦክታቭ ዣንጉ በ1906 ለይተው አሳደጉት። እኔን ይበልጥ የሚማርኩኝ ግን ፐርል ኬንድሪክና ግሬስ ኤልደሪንግ ናቸው። ሁለቱ አሜሪካውያን በ1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ በሚቺጋኗ ግራንድ ራፒድስ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ የታመሙ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ልጆቹን ሳህን ላይ እያስሳሉ ናሙና ሰበሰቡ። ከዚያ ልፋት ውጤታማ ክትባት ወጣ። ዛሬ በፔንታቫለንት ውስጥ ያለው የትክትክ ክፍልም፣ እንደ እነሱ ክትባት፣ ከተገደለ ሙሉ ባክቴሪያ የሚሠራ ነው።

የእናቶቹ ክትባት ሌላ ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ 2012 እንግሊዝ ውስጥ ትክትክ ተነሥቶ ሕፃናት ሲሞቱ፣ መንግሥት ለነፍሰ ጡሮች የትክትክ ክትባት መስጠት ጀመረ። እናት ያዳበረችው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ የወጣው ጥናት ለጨቅላዎቹ የሰጠውን ከለላ 90 በመቶ ገደማ አድርጎታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ለጨቅላዎች ተጨማሪ ከለላ ከሚሰጡ መንገዶች ሁሉ ከወጪው አንፃር አዋጪው ይሄ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ለእናቶች የሚሰጠው ግን ዋጋው ከሙሉ ባክቴሪያው ክትባት በጣም ይወደዳል።

እኛ ዘንድስ ታስቦበታል? አንድ የሥራ ኃላፊን ጠየቅሁ። «ጥያቄህን በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ፤ አቀረብኩ። ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሣም። በፈረንጆቹ 2018 በጋሞ ዳራማሎ፣ በሌላ ጊዜም በወሎ መቅደላ ትክትክ መነሣቱን ያጠኑት የራሳችን ባለሙያዎች ናቸው፤ ጉዳዩ አይታወቅም ማለት አይቻልም።

እስከዚያው ሲስተር ለጎረቤት እናቶች የሚሉት ይህን ነው፦ «የሚያስል ሰው፣ አያትም ይሁን ወንድም፣ አራሱን ልጅ አይቀፍ። ስድስት ሳምንቱ ሲሞላ አንድም ቀን ሳታሳልፉ አስከትቡት፤ ሦስቱንም አስጨርሱት። ሲያስል ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ከተቋረጠ ነገ አትበሉ፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዱት።»