ተጨማሪ መረጃ፦ የትንሿ ታንክ እውነት
በ1፡35 ልኬት በሚሠራ የታንክ ሞዴል ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው ታንክ ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የሶቪየቱ ቲ-34 የፊት ብረት 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ በሞዴሉ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀለም ከወፈረ የብየዳውን መስመር ይውጠዋል።

ከቀለሙ በፊት ግን ዘመኑ ይጣራ። ባለ 85 ሚሊ ሜትር መድፉ ቲ-34 ጦር ግንባር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። በ1943ቱ የኩርስክ ውጊያ ትዕይንት ውስጥ ከቆመ የቱንም ያህል ቢለፋበት ስህተት ነው፤ ያን ሁሉ ድካም ማየት ያሳዝናል።

ዝገትም ቦታ አለው። መሬት የሚረግጠው የሰንሰለቱ ገጽ ከመፋተግ ብዛት ያብረቀርቃል፤ ገባ ያለው ክፍል ይዝጋል። ሥራ ላይ ያለ ዶዘር ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ሰንሰለቱ ላይ ይኸው ይታያል።