ከጳጉሜን እስከ ጳጉሜን፦ ዋልያዎቹና 2005 ዓ.ም.

በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ የተገኘበት ዓመት በመሆኑ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል፤ ዋልያዎቹ የሚባለው ብሔራዊ ቡድን በአህጉራዊውም በዓለም አቀፉም መድረክ በአንድ ዓመት ሩቅ የተጓዘበት ዘመን ግን 2005 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተቀመጡ ሲሆኑ፣ ይህ የተደረገው የዘመኑ ድርጊቶች በአገሩ ዘመን አቆጣጠር ውስጥ እንደ አንድ ሙሉ ታሪክ ስለሚነበቡ ነው። በጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በሱዳን 5ለ3 የተሸነፈው ቡድን፣ አዲሱን ዓመት በማካካሻ ተስፋ ተቀብሎ፣ በጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ብራዛቪል ላይ ባገኘው ድል ወደ ዓለም ዋንጫ ደጃፍ ደርሶ ዓመቱን ዘጋ። በሁለቱ ጳጉሜኖች መካከል የሆነው ነገር ሁለት ገጽ አለው፤ አንደኛው ተጫዋቾቹና አሰልጣኞቹ በሜዳ ላይ የሠሩት ሲሆን፣ ሌላው ከሜዳው ጀርባ ያለው አስተዳደር ያጎደለው ነው።

ደስታው የዚያን ያህል የገነፈለበት ምክንያት የሚገባው ከዚያ በፊት የነበረውን ረጅም ዝምታ ለሚያስታውስ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ በምሕጻሩ ካፍን፣ ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ኮንፌዴሬሽኑን ሕይወታቸው እስኪያልፍ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ይሁን እንጂ መሥራችነቱ ለቡድኑ ዘላቂ ጉልበት አልሆነለትም። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ካዘጋጀችው ውድድር በኋላ ዋልያዎቹ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀው ቆዩ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሣ ውዝግብ ምክንያት ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ አገሪቱን አገደ፤ ቡድኑም ደቡብ አፍሪካ ላስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ከሚደረገው ማጣሪያ ተሰረዘ። ያኔ የጠፋው ማጣሪያ በጨዋታ ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ጠብ የጠፋ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል፤ በ2005ም የሆነው ከዚህ ብዙም አይርቅምና።

በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከሱዳን ጋር የነበረው ፍልሚያ የደርሶ መልስ ነበር፤ ይህም ሁለቱ ቡድኖች በየሜዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ተገናኝተው ውጤቱ በድምር የሚታይበት ሥርዓት ነው። ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጭ ብዙ ግብ ያስቆጠረው ያልፋል። ስለዚህም የ5ለ3ቱ ሽንፈት ሲያዩት ከባድ ቢመስልም፣ በተጋጣሚ ሜዳ የተቆጠሩት ሦስት ግቦች በውስጡ የተደበቁ ሀብቶች ነበሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አልፎ ሕዝቡ ሲጨነቅ ከቆየ በኋላ፣ በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባስቆጠሯቸው ግቦች ጨዋታው 2ለ0 አለቀ። ድምሩ 5ለ5 ሆነ፤ ኢትዮጵያም ደቡብ አፍሪካ ወዳስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ አለፈች።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ቡድኑ የተመደበው የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ፣ ከናይጄሪያና ከቡርኪና ፋሶ ጋር ነው። ከዛምቢያ ጋር ኔልስፕሩት ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ የዋለው ጥር 13 ቀን ነበር፤ ይህ ዕለት በ1954 ዓ.ም. እነ መንግሥቱ ወርቁና ሉቻኖ ቫሳሎ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4ለ2 ረትተው ዋንጫ ያነሡበት ዕለት 51ኛ ዓመት መሆኑ ነው። የጨዋታው ሂደት ብቻውን የቡድኑን ጠባይ ይናገራል። ሳላዲን ሰይድ ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው ግብ ጠባቂ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት፤ ቆየት ብሎ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከአንድ የዛምቢያ ተጫዋች ጋር በኃይል ተጋጭቶ በቀይ ካርድ ወጣ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ሲልም ኮሊንስ ምቤሱማ ለዛምቢያ አገባ። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ፣ አንድ ሰው የጎደለውና በግብ የተመራ ቡድን በሌላ ዘመን ቢሆን ኖሮ በዚያው ይፈርስ ነበር። ይህ ቡድን ግን ኳሱን ከእግር እግር እያቀባበለ በአሥር ሰው ተጋጣሚውን ወደ ኋላ ገፋ፤ አዳነ ግርማም በሁለተኛው አጋማሽ አቻ የምታደርገውን ግብ አስቆጠረ። በአጭር ቅብብል የሚጫወተው ይህ ዘይቤ በአካል ከሚገዝፉት የአህጉሩ ቡድኖች ፊት ያምራል እንጂ አያዋጣም ሲባል ለኖረው አስተያየት ከዚያ ምሽት የበለጠ መልስ አልተሰጠም።

ስታዲየሙን ያደመቀው ደጋፊ ከአዲስ አበባ የሄደ ብቻ አልነበረም። በጆሃንስበርግና በሌሎች ከተሞች በንግድ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ሱቃቸውን ዘግተው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሰው ኔልስፕሩት ገብተዋል። አብዛኞቹ በዚያች አገር በስጋት የሚኖሩ ስደተኞች ሲሆኑ፣ በአደባባይ በአገራቸው ስም በአንድነት የዘመሩበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብርቅ ነበር። በቀይ ካርዱ ተቆጥተው አንዳንዶቹ ወደ ሜዳ ዕቃ መወርወራቸው አሳዛኝ ነው፤ የቀሩት ግን ለቡድኑ የሰጡት ጉልበት ሊካድ አይችልም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መራራ ነበር። ቡርኪና ፋሶ 4ለ0 አሸነፈች፤ በሩስተንበርግ ደግሞ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ያለ ግብ ይዞ የቆየው ቡድን በቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2ለ0 ተረታ። ሁለተኛው ሲመታ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ቅያሪውም አልቆ ስለነበር፣ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በግቡ መካከል ቆመ። በሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ፣ አንድ ግብና ሁለት የተባረሩ ግብ ጠባቂዎች፤ ቁጥሩ ይህ ነው። ነገር ግን ለፍጻሜ የደረሱት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ሁለቱም ከዚሁ ምድብ የወጡ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ከውድድሩ እጅግ ከባድ ምድብ ውስጥ ገብታ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዓመቱ ታላቅ ነገር የመጣው ግን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ብራዚል ለምታዘጋጀው ውድድር ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ተመድባ፣ ገና በ2004 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን በሜዳዋ 1ለ1 አቻ ይዛ፣ መካከለኛው አፍሪካን 2ለ0 አሸንፋ ነበር። መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. በጌታነህ ከበደ ግብ ቦትስዋናን 1ለ0፣ ሰኔ 1 ቀን ደግሞ በዚያው በቦትስዋና ሜዳ 2ለ1 ረታች። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ መጣች። በርናርድ ፓርከር ለእንግዳው ቡድን አስቀድሞ ቢያስቆጥርም ጌታነህ አቻ አደረገ፤ በ70ኛው ደቂቃ ላይ ያው ፓርከር ኳሱን በገዛ ግቡ ውስጥ ጨመረው። ጨዋታው 2ለ1 ሲያልቅ ኢትዮጵያ በ13 ነጥብ የምድቡ አሸናፊ የሆነች መሰለ፤ አዲስ አበባም በመኪና ጡሩምባና በጭፈራ ተናወጠች።

በዚያው ዕለት ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። በማጣሪያው ደንብ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች የሚቀጥለው ጨዋታ ያልፈዋል፤ አማካዩ ምንያህል ተሾመም ሁለቱን ካርዶች አስቀድሞ አይቶ ሳለ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ ፊፋም ድሉን ሰርዞ ለቦትስዋና የ3ለ0 ፎርፌ፣ ማለትም ያለ ጨዋታ የሚመዘገብ አሸናፊነት፣ ሰጠ። ኢትዮጵያ ከ13 ወደ 10 ነጥብ ወረደች፤ 8 ነጥብ የያዘችው ደቡብ አፍሪካም ተስፋዋ ነፍስ ዘራ። ካርድ መቁጠር የአሰልጣኝ ጥበብም ሆነ የተጫዋች ብቃት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ አንድ መዝገብና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሠራተኛ ይበቃዋል። ሕዝብ በደስታ ባደረ ማግስት የደረሰው ውርደት ከየትኛውም የሜዳ ሽንፈት የከፋ የሆነው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ኬፕ ቨርዴ ትመሰክራለች፤ በዚያው ማጣሪያ ቱኒዚያን አሸንፋ ምድቧን ከጨረሰች በኋላ፣ ያልተፈቀደለት ተጫዋች በማሰለፏ ቦታዋን ለተሸናፊዋ ለቀቀች።

ኢትዮጵያን ከዚያ ዕጣ ያዳኗት ተጫዋቾቿ ናቸው። የመጨረሻው ጨዋታ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጸጥታ ስላልነበረ ወደ ብራዛቪል ተዛውሮ በጳጉሜን 2 ቀን ተደረገ፤ በዚያው ቀን ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን 4ለ1 አሸንፋለችና አቻ መውጣት እንኳ አይበቃም ነበር። ተጋጣሚው ቀድሞ አገባ። የአቻነቷን ግብ ያስቆጠረው ስሙ ለሳምንታት ከቅጣቱ ጋር ሲነሣ የከረመው ምንያህል ተሾመ ሲሆን፣ የማሸነፊያዋን ሳላዲን ሰይድ ጨመረ። በ13 ነጥብ ኢትዮጵያ ምድቡን መራች፤ ዘመን መለወጫው አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። አሥሩ የምድብ አሸናፊዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በደርሶ መልስ ሲጋጠሙ ለኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮኗ ናይጄሪያ ደረሰቻት። ጥቅምት 3 ቀን አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ከጎን ያሻገረው ኳስ ግብ ጠባቂውን አታልሎ መረቡ ውስጥ ሲገባ ስታዲየሙ ዓለም ዋንጫን በዓይኑ ያየ ያህል ሆነ፤ ኢማኑኤል ኢመኒኬ ግን ሁለት ግቦች አስቆጥሮ፣ ሁለተኛውንም በመጨረሻዋ ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ፣ ጨዋታውን 2ለ1 ገለበጠው። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ናይጄሪያ 2ለ0 ደገመች።

ከዚያ ወዲያ የሆነው በጥቂት ቃል ያልቃል። በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሳተፉበት የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና ቡድኑ በ2006 ዓ.ም. ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ግብ ተሸነፈ፤ አሰልጣኝ ሰውነትም ተሰናበቱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአህጉሩን ምርጥ ቡድኖች የተፈታተነ ስብስብ ሠርተው፣ ያንን ስብስብ የሚተካ ትውልድ ያላዘጋጀ ተቋም ውስጥ የሠሩ ሰው በአንድ ወር ውጤት መመዘናቸው ፍትሐዊ አልነበረም። ወደ አፍሪካ ዋንጫ መመለስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ በ2014 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ የተመራው ቡድን ካሜሩን ላይ በሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ይዞ ወጣ። በዚያው ዓመት ሰኔ ዋልያዎቹ ግብፅን 2ለ0 ሲያሸንፉ፣ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም በአገር ውስጥ ስላልነበረ፣ የሜዳቸው ጨዋታ የተደረገው ማላዊ ውስጥ ነው። ከካላባሩ ምሽት ወዲህ ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ በሚደረግ ማጣሪያ ዳግመኛ ምድቧን መርታ አታውቅም።